የጄኔራሉ ልጅ፣ ሐሙስ ሐሙስ

ባለፈው ሳምንት አራስ ልጠይቅ ኦስሎ ቫይትቬት ሰፈር ሄጄ ነበር። የሕንፃውን በር ገፍቼ ስገባ ደረጃው ገና ታጥቦ አልደረቀም፤ የአረንጓዴው ሳሙና ሽታ ተቀበለኝ። ይህን ሳሙና ኦስሎ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጥድና የተልባ ዘይት አንድ ላይ የፈላ ይመስላል። ዛሬ ዛሬ የጽዳት ድርጅቶቹ ሽታ የሌለው ነገር ስለሚያመጡ ብዙ ቦታ አይገኝም። የገንፎውን ዕቃ እንዳንጠለጠልኩ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ጉልበቴ ያመኛል፣ የቆምኩት ግን ለጉልበቴ አልነበረም። እዚያው ሰፈር፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ካለው ሕንፃ ይኖሩ የነበሩት ሄልጋ ትዝ ብለውኝ ነው። ሄልጋ ትዝ ባሉኝ ቁጥር ደግሞ ፊቴ ይግላል፤ ማንም ሳያየኝ እንኳ ይግላል።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ነው። በኮሙኑ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ በኩል አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ የምረዳ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሃይመየልፕ ይሉታል። ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሰው ሁሉ የስልኩን መስታወት በጣቱ መዳበስ የጀመረበት ዘመን ነበር፤ እኔ ግን ገና ቁልፍ ያላትን ስልኬን ይዤ ነበር የምዞረው። በበረዶው ወራት ወጣቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የላባ ጃኬት ለብሰው ቲባነው፣ የከተማው ባቡር፣ ውስጥ ሲጨናነቁ ትራስ የተደረደረበት ቤት ይመስለኝ ነበር። ቫይትቬት የገበያ ማዕከሉ በር ላይ አንዲት ኪዮስክ ነበረች፤ ቡናና ቦለር የሚሉትን ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ በአንዲት የሃያ ክሮነር ሳንቲም ትሸጥ ነበር። ዛሬ በዚያች ሳንቲም ቦለሩን ማሽተት ነው። ሽያጭ ላይ የነበረችው ልጅ የእኛው አገር ልጅ ነበረች፣ እዚሁ የተወለደች፤ አማርኛዋ ተሰባብሮም ቢሆን «እማማ ብርቄ፣ ዛሬ ካልት ነው፣ ተጠቅለይ» ትለኛለች። ካልት ማለቷ ብርድ ነው። ጉንጯን ስሜ፣ ቦለሬን ይዤ፣ ወደ ሄልጋ ደረጃ እወጣለሁ።

ሄልጋ ሰማንያን የተሻገሩ መበለት ነበሩ። ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ ጸጉራቸውን ሳያበጥሩ በር የማይከፍቱ። በኖርስክ፣ በአገሬው ቋንቋ፣ አንቱ የሚባል የለም፣ ሁሉም አንተና አንቺ ነው፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው፣ አሁንም ሌላ አጠራር አይመጣልኝም። የእኔ ቀን ሐሙስ ነበር። ወለሉን አጥባለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ከዚያ እሳቸው ቫፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ ጋግረው ቡናማውን አይብ ቀጭን ቀጭን አድርገው ይቆርጡና ቁጭ ብለን እንበላለን። ብዙ አያወሩም ነበር። ኖርስካቸው ከእኔ እጅግ የተሻለ ነው፤ ሆኖም አንዳንድ ቃል ላይ ጀርመንኛ እንደሚጎትታቸው ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

አንድ ሐሙስ አንሶላ ላወጣ የመኝታ ቤታቸውን ቁምሳጥን ስከፍት ከበሩ በስተውስጥ የተለጠፈ ፎቶ አየሁ። የመኮንን ልብስ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ኒሻን ያሠረ፣ ግንባሩ ሰፊ ሰው። ደረቱ ላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር አለ። እንዲህ ያለው ነገር የት እንደሚደረግ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ባለቤትዎ ናቸው ወይ አልኳቸው። አባቴ ናቸው አሉና ፈጠን ብለው በሩን ሊዘጉት መጡ። አየችው ብለው ማፈራቸው ታየኝ። እኔ ደግሞ ላጽናናቸው ብዬ፣ የእኔም ባል እንዲህ ያለ ክንፍ ነበረው፣ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር አልኳቸው።

ይህን ነገር ኦስሎ ውስጥ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሐበሻ ሲጠይቀው ባለቤቴ ታፈሰ «የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሺያን ነበርኩ» ነበር የሚለው። እኔም አብሬው እንዲያ እል ነበር። ትሕትና ነው፣ ደግሞም የፖለቲካ ሰው አይቀየመን ብሎ ነው እያልኩ ለራሴ ተርጉሜዋለሁ። ለአንዲት ፈረንጅ አሮጊት ብናገር ግን ማን ይቀየመኛል? ለዓመታት የታፈነው ኩራቴ አፌን ቀደመው።

ሄልጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«የት ነው የጣለው?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ቦምቡን።»

አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

«አልጠየቅሽውም» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ተነሥተው ቫፍሉን ሊያዩ ሄዱ።

እንዴትስ እጠይቀዋለሁ? ታፈሰን ያወቅኩት ደብረ ዘይት ነው። እኔ ፖስታ ቤት ቴምብር እሸጥ ነበር፣ እሱ ለእናቱ ደብዳቤ የሚልክ መስሎ በሳምንት ሦስቴ ይመጣል። ከአየር ኃይሉ ጣቢያ በር እስከ ገበያ ጋሪ አሥር ሳንቲም ነበር፤ እሱ ግን ሃያ ከፍሎ ፈረሱ በዝግታ እንዲሄድ ያስደርጋል፣ እኔ ከሥራ ስወጣ እንድንገናኝ። የዚያን ጊዜ አብራሪ መሆን ምን ማለት እንደነበር ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ያስቸግራል። ጥቁር መነጽር፣ አንገት ላይ የሐር ስካርፍ፣ ዕረፍት ሲወጡ ደግሞ እግሩ የሰፋ ሱሪ። እኛ ሴቶቹ ጀርሲ ቀሚስና ወፍራም ታኮ ነበር ፋሽናችን፤ በዚያ ታኮ ኮረት ላይ ስንሄድ ቁርጭምጭሚታችን አለመሰበሩ ይገርመኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል በረንዳ ላይ ሳክስፎን ይነፋል፣ የተጠበሰ ዓሣ በሎሚ ይቀርባል፣ ቢራው ሐይቁ ውስጥ ተነክሮ የቀዘቀዘ ነው። የጋብቻ ፎቷችንን የተነሣነው ሐይቅና ዳክዬ የተሣለበት ሸራ ፊት ቆመን ነው፤ እውነተኛው ሐይቅ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ እያለ። ታፈሰ በሰፈራችን ላይ ሲያልፍ አውሮፕላኑን ወዲያና ወዲህ ዘንበል ያደርግልኝ ነበር። የሰፈሩ ልጆች «የብርቄ ባል! የብርቄ ባል!» እያሉ ሲሮጡ እኔ ልብስ እያሰጣሁ እንዳልሰማ እሆናለሁ፣ ጥርሴ ግን አይከደንም።

ከዚያ የሰሜኑ ዘመቻ መጣ። ለሳምንታት ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሲመለስ ነጭ ማር ያመጣል፤ በቆርቆሮ፣ እንደ ቅቤ የረጋ፣ ያበባ ሽታ ያለው። ለጎረቤት ሁሉ እናካፍል ነበር። የሰሜን ማር እንዲህ ነው እያልን፣ እጃችንን እየላስን፣ የሰሜን ሰው እንዴት ሰነበተ ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም። ታፈሰ በዚያ ጊዜ እንቅልፍ ማጣት፣ ሌሊት እየቃዠ መጮህ ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ ጨጓራ ነው አለው፣ እኔም ጨጓራ ነው አልኩ፣ የተልባ ውኃ አጠጣሁት። ኋላ መንግሥት ሲለወጥ በብዙ አገር ዞረን እዚህ ደረስን፤ ልጃችን ማህሌት የተወለደችው እዚሁ ነው።

ሄልጋ ከዚያ ቀን በኋላ ሐሙስ ሐሙስ የአባታቸውን ነገር ያወሩኝ ጀመር። የቀረ ዘመድ የላቸውም፤ ባላቸው ኦድ ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። እኔ ወለሉን ስወለውል እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው የሌላ ሰው ታሪክ የሚያነቡ ይመስል በእርጋታ ይናገራሉ። አባታቸው የመድኃኒት ቀማሚ ልጅ ነበሩ። በመጀመሪያው ትልቅ ጦርነት ፈረሰኛ ሆነው ገቡ፤ ፈረሳቸው ጭቃ ውስጥ ሲሞትባቸው ቀና አሉና ከእንጨትና ከሸራ የተሠራች አውሮፕላን ስታልፍ አዩ፣ እዚያ ላይ ልውጣ ብለው አመለከቱ። ጀርመን ስትሸነፍ የጦር አውሮፕላን እንዳይኖራት ተከለከለች። እሳቸው ግን የሲቪል ኮት ለብሰው፣ የአዝርዕት ዘር ነጋዴ ነኝ እያሉ፣ ሩቅ አገር ሄደው ወጣቶችን በድብቅ ያሠለጥኑ ነበር። ክልከላው ሲቀር ከተደበቁበት ወጥተው ማዕረግ በማዕረግ ላይ ተደራረበላቸው። ስፔን ሄደው ሲመለሱ ሙሉ ሣጥን ብርቱካን አመጡ፤ ሄልጋ ትንሽ ልጅ ነበሩ፣ ቤቱ ሁሉ ብርቱካን ብርቱካን ሲል ትዝ ይላቸዋል። ያ ብርቱካን የተለቀመበት አገር ላይ አባታቸው ምን ሲያደርጉ እንደነበር ያወቁት በጎልማሳነታቸው ነው። እሳቸው ይህን ሲሉ እኔ መወልወያውን ይዤ የነጩ ማር ቆርቆሮ ትዝ አለኝ፣ ቀና ብዬም ላያቸው አልቻልኩም።

ከዚያ ጄኔራል ሆኑ። በአንድ የጸደይ ወር ደግሞ የእሳቸው አውሮፕላኖች ኖርዌይ ላይ መጡ። በምዕራቡ ጠረፍ፣ ቤቶቿ ሁሉ የእንጨት የሆኑ አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ጄኔራሉ እሳት የሚያስነሣ ቦምብ ለቀናት እንዲጣልባት አዘዙ። በዚያው በጋ ቤተሰባቸውን ወደ ኦስሎ አስመጡ። ከኮረብታው ላይ ከሰው የተነጠቀ ትልቅ ቤት፣ ነጭ ቀሚስ፣ እንጆሪ በክሬም፣ ብስክሌት የሚያስተምር ወታደር። «በዕድሜዬ እንደዚያ በጋ ደስ ብሎኝ አያውቅም» አሉኝ ሄልጋ፣ ይህን ሲሉም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በኋላ አባታቸው ወደ ምሥራቅ ተላኩ፤ በረዶው፣ ሽሽቱ፣ በመጨረሻም ነዳጅ የሌላቸው አውሮፕላኖች አዛዥ ሆነው መቅረት። ተማረኩ፣ ጥቂት ዓመት ታሠሩ፣ ተፈቱ። ጡረታቸው ተከበረላቸው። ጽጌረዳ ይተክሉ ነበር። አንድ ጊዜ ሄልጋ ስለዚያች ከተማ ሲጠይቋቸው «ትእዛዙ ግልጽ ነበር» አሉና መቀሱን እንዲያቀብሏቸው ጠየቋቸው። አልጋቸው ላይ ሞቱ፤ የድሮ ጓደኞቻቸው የማርሽ ባንድ አምጥተው ቀበሯቸው።

ሄልጋን የሚያሳፍራቸው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኦድ የመርከብ መሐንዲስ ሆነው ጀርመን ሲመላለሱ ተዋወቁና ተጋቡ። የኦድ የትውልድ ቦታ ያቺ የተቃጠለችው ከተማ ነበረች። ታናሽ ወንድማቸው በዚያ እሳት ሞቷል። ኦድ የሄልጋ አባት ማን እንደሆኑ ያውቃሉ፤ ለእናታቸው ግን አባቷ መድኃኒት ቀማሚ ነው ተባለ። አያትየው መድኃኒት ቀማሚ ስለነበሩ ነገሩ ሙሉ ውሸት አይደለም እያሉ ሁለቱም ተጽናኑ። አማታቸው ሹራብ ሥራ አስተማሯቸው፣ ኖርስክ አስተማሯቸው፣ በሞቱባት ቀን እጃቸውን ይዘው «ልጄ» ብለዋቸው ነው የሞቱት። ሄልጋ ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። የማይገባኝን ፍቅር በልቻለሁ አሉኝ፤ ቃላቸው «በላሁ» ነው፣ እኔ አልጨመርኩም።

የዚያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ሰፈሬ ሃውገሩድ ጣቢያ ወርጄ ወደ ሕንፃችን መሄድ አቃተኝ። በእኛ ደረጃ፣ ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤቴ ለተብርሃን ነበረች። እኔ ለተ ነው የምላት። የሰሜን ሰው ናት። ማህሌትን ከባርነሃገው፣ ከሕፃናት መዋያው፣ ስታመጣልኝ፣ ስታበላልኝ፣ ኖርስክ ሳንችል ተያይዘን ቢሮ ለቢሮ ስንዞር የኖርን፣ እህት ከማለት ሌላ ቃል የለኝም። የእሷን ታሪክ አውቀዋለሁ። ያደገችባት ከተማ የገበያ ቀን አውሮፕላን መጣ። ወንድሟ ጨው ሊገዛ ገብቶ ነበር። እዚያው ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ ነግራኛለች፣ ተቃቅፈን አልቅሰናል። ታፈሰ ያን ጊዜ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር፤ ለተ ስትመጣ እሱ የሚሄድበት ቦታ አያጣም። የሴት ወሬ አይወድም እያልኩ እስቅ ነበር። ሄልጋ «አልጠየቅሽውም» ያሉኝን ሳስበው ያ የጃኬቱ ነገር ነው የመጣብኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከታፈሰ ጋር ምድር ቤት ወዳለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ወረድን። ተራችን ነበር። አንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘን ማጠፍ ሁሌ የምንሠራው ሥራ ነው፣ በትዳራችን ከምንም በላይ የምንግባባበት ሥራ።

«ታፈሰ» አልኩት፣ «የለተን ከተማ ታውቃታለህ?»

ጫፉን እንደያዘ ቆመ። ማሽኑ ይዞራል።

«ከላይ ሲታይ ከተማ አይመስልም» አለኝ። «አቅጣጫና ከፍታ ነው። የዚያን ዕለት ግን ደመናው ተከፈተ። ጃንጥላ አየሁ።»

«የምን ጃንጥላ?»

«የገበያተኛ። ቀይ፣ ሰማያዊ። ብዙ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቁልፉን ተጫንኩት።»

ወደ እኔ መጥቶ የያዘውን ጫፍ ከእኔ ጫፍ ጋር አገናኘው፣ እንደ ወትሮው። ለተ ከየት እንደሆነች ያወቀው ግድግዳ ለግድግዳ በሆንን ሰሞን መሆኑን ነገረኝ። ሌላ ቤት እንዲሰጡን ኮሙኑን ለምኖ ነበር፣ ለእኔ ሳይነግር፤ ምክንያት አቅርብ አሉት፣ የሚያቀርበው ምክንያት አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ እንዳያገኛት ኮቴዋን እያደመጠ ነው የኖረው። ያን አንሶላ ተሸክሜ ስወጣ ያፈርኩት በእሱ ብቻ አይደለም። ለተ ስታለቅስ የደገፍኳት ትከሻ በዚያ ሰው ደመወዝ የወፈረ ትከሻ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ለሄልጋ ጠየቅኩት አልኳቸው። ምን አለ አላሉኝም። ፊቴን አዩና ቫፍሉን ሳይጋግሩ ቀሩ። ትንሽ ቆይተው አንድ ነገር ለመኑኝ፤ የኦድ እህት ሶልቬይ ከተማው ማዶ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው ያሉት፣ ልትወስጂኝ ትችያለሽ ወይ አሉኝ። በታክሲ ሄድን። ሄልጋ ሰማያዊ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሊፕስቲክ ተቀብተው ነበር። ሶልቬይ በዕድሜ ከሄልጋ እምብዛም የማይበልጡ፣ ግን የከሱ፣ ብርድ ልብስ እግራቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሴት ናቸው። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ልውጣ ስል ሄልጋ በእጃቸው ቁሚ አሉኝ።

«ሶልቬይ፣ አባቴ መድኃኒት ቀማሚ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አሉ ሶልቬይ። «እናቴም ታውቅ ነበር። ከመጀመሪያው የገና በዓል ጀምሮ። እኛ ከተማ ጋዜጣ ላይ የወጣውን ያን ፊት የሚረሳ ሰው አልነበረም፤ ግንባሩ አንቺ ላይ አለ።»

ሄልጋ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። «ታዲያ ለምን ዝም አለች?»

«እስክትነግሪያት እየጠበቀች ነበር። በመጣሽ ቁጥር፣ ዛሬ ትነግረኛለች ትለኝ ነበር። እስክትሞት ጠበቀች።»

ሶልቬይ ክፉ አልነበሩም። ይህን ሲናገሩም ድምፃቸው ልክ የአየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነበር። በታክሲ ተመልሰን ቤታቸው ደጃፍ ስንደርስ ሄልጋ ክንዴን ያዙና «ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ» አሉ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፣ ቅጠል ሲረግፍ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ እኔና አንድ ቄስ፣ የሕንፃው አንዲት ጎረቤት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የመጡት ሶልቬይ ነበርን። ማርሽ ባንድ አልነበረም።

እኔ ግን ከዚያ መጦሪያ ቤት አንድ ነገር ይዤ ወጣሁ፣ ያም ነው እስከ ዛሬ የሚቆረጥመኝ። ለተም ታውቃለች፣ ለተም እየጠበቀች ነው አልኩ። የጃኬቱን ነገር እሷም አስተውላ ይሆናል፤ ስንት ዓመት ሶፋዬ ላይ ስትቀመጥ ዛሬ ይነግሩኛል እያለች ይሆናል። ለታፈሰ የሶልቬይን ቃል እንዳለ ነገርኩት። እስክትሞት ነው ወይ የምትጠብቀው አልኩት። በሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ያንኑ የክት ልብሱን እንደለበሰ፣ ነጠላውን በትክክል አጣፍቶ፣ «በይ ነይ» አለኝ።

ለተ በደስታ ነው የከፈተችው። ታፈሰ ቤቷ ገብቶ አያውቅም ነበርና «ጋሽ ታፈሰ፣ ዛሬ ከየት ፀሐይ ወጣች» እያለች ወንበር ሳበች፣ ሻይ ልታፈላ ስትል ተቀመጪ አላት። እሱ አልተቀመጠም። ነገራት። ቴክኒሺያን እንዳልነበረ፣ አብራሪ እንደነበረ፣ በዚያ የገበያ ቀን እሱ እንደነበረ፣ ጃንጥላውን እንዳየ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ጀምሮ መጨረስ አቃተው።

ለተ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችው። ፊቷን ሳየው ስታውቅ እንዳልነበረ ገባኝ። ምንም አላወቀችም ነበር። ምንም አልጠበቀችም ነበር።

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር?» አለችው።

«ረፋድ ላይ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ?»

አሁን ነው የነገረኝ አልኳት። ይህ እውነት ሲሆን ከአፌ ሲወጣ ግን ውሸት ውሸት አለኝ።

«ታዲያ ለእኔ ለምን ነገራችሁኝ?» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እኔ እኮ በዚህ አገር ጫማዬን አውልቄ የምገባበት አንድ ቤት ነበረኝ። እሱንም ወሰዳችሁብኝ።»

ተነሥታ በሩን ከፈተችልን። ስንወጣ የታፈሰ ነጠላ የበሩ እጀታ ላይ ተያዘበት፤ እሷ አላቀቀችለት፣ ዓይኑን ሳታየው።

ወራት ሳይሞሉ ለተ ወደ ትቬይታ ሰፈር ቤት ቀየረች። ዕቃዋ ሲወርድ በመስኮት አየሁ፣ ወርጄ ላግዛት አልደፈርኩም። ማህሌት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር፣ ሁሉን ነገርናት። ግማሹን በኖርስክ ግማሹን በአማርኛ ነበር የመለሰችልን፤ «ማማ፣ እውነት አልድሪ ጠይቀሽው አታውቂም? አንድ ጊዜ እንኳ?» አለችኝ፤ አልድሪ ማለቷ በጭራሽ ነው። ወደ አባቷ አይደለም፣ ወደ እኔ ነው የዞረችው። ለተ እናቷ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንም፤ እሷንም አሳጣናት። ብዙ ወር የተማሪዎች ቤት ቆይታ በዓል ሲደርስ ተመለሰች፣ አሁን ደህና ነን፣ ትመጣለች ትሄዳለች። አንዳንዴ አባቷ ሲስቅ ትኩር ብላ ታየዋለች። እሱም ይህን ስለሚያውቅ መሳቁን እየቀነሰ ነው። ቤተ ክርስቲያን ድሮ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ይቆም ነበር፤ አሁን ጫማ ከሚቀመጥበት በር አጠገብ ነው የሚቆመው። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም። ስለ ለተ መሄድም ሰዉ ምን ሆናችሁ አለ፤ እኔ ቤቱ ጠቦባት ነው አልኩ። ያን ያህል አፍሬ፣ ያን ያህል ተምሬ፣ ሲጠይቁኝ ከአፌ የወጣው ያው ነው።

ለተን ያገኘኋት አምና ነው፣ በበረዶው፣ ትቬይታ የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለው መድኃኒት ቤት። የጉልበቴን ክኒን ላወጣ ቁጥር ወስጄ ስዞር አጠገቤ ቆማለች። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል፣ ያምርባታል። መሸሽ አልቻልንም፣ ሰው ብዙ ነበር። እንደምን አለሽ አለችኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ አልኳት። ስለ ማህሌት ጠየቀችኝ፤ ሥራ መያዟን፣ ማግባት ማሰቧን ነገርኳት፣ ደስ አላት፣ እውነተኛ ደስታ ነበር። ስለ ታፈሰ አልጠየቀችም። እኔም ስሙን አላነሣሁም። ሁለታችንም የቁጥር ማሳያውን እናያለን። በግድግዳው በኩል ድምፃችን ሁሉ ይሰማት እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም።

የእሷ ቁጥር ሲበራ ቦርሳዋን አስተካከለችና ወደ እኔ ሳትዞር፣ «አሁንም ሌሊት ሌሊት ይጮኻል?» አለችኝ።

«ይጮኻል» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ወደ መስኮቱ ሄደች። አዝናለት ይሁን ደስ ብሏት እስካሁን ለይቼ አላወቅኩም። ለታፈሰም አልነገርኩትም።